ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንዴት ነበሩ?

በመርካቶ አንድ ሰዓት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ፤ እዚህ ለመቀመጥ የተዋችሁትን ገበያ እያሰብኩ ነው የምናገረው።

ሙያዬ ማደንዘዣ ነው። ሰው ኦፕራሲዮን ሲደረግ ራስጌው ቆሜ ትንፋሹንና የልቡን ምት እጠብቃለሁ። የዛሬው ጉዳዬ ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በአረጋውያን አእምሮ ላይ የሚደርሰው ነገር ነው፤ ያንንም አስቀድሞ በአንጎል ምስል ማወቅ ይቻል እንደሆነ። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ ወደዚህ ሙያ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

አባቴ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጡ። ሊስትሮ ሠሩ፣ ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው እያዞሩ ሸጡ፣ በመጨረሻ ሸማ ተራ ውስጥ ሱቅ ያዙ። ደብተር አልነበራቸውም። ማን ስንት ጣቃ እንደ ወሰደ፣ ስንት እንደ ከፈለ፣ የደሴው ነጋዴ ቀሪውን ለመቼ ቀጠሮ እንደ ሰጠ፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ያለው ሰው ጥቂት አይመስለኝም። መርካቶ የቆመችው በብሎኬትና በቆርቆሮ ብቻ አይደለም። በሽማግሌዎቿ ጭንቅላት ውስጥ በተጻፈ ሒሳብም ቆማለች።

በ78 ዓመታቸው፣ አንድ የክረምት ጠዋት፣ ደጃፋቸው ላይ አዳለጣቸውና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው መልካም ሆነ፤ አጥንቱ ተያያዘ፣ ቁስሉ አላመረቀዘም። በሦስተኛው ሌሊት ግን አንሶላውን ከአልጋው ነቅለው በክንዳቸው ይለኩ ጀመር። ስምንት ክንድ ነው፣ አንድም አይጎድልም እያሉ ለመጋረጃው ይሸጡለት ነበር። ከዚያ ንግግራቸው ወደ ጉራጊኛ ዞረ። ተረኛዋ ነርስ ቋንቋውን ስለማታውቅ ካርዱ ላይ «ትርጉም የሌለው ንግግር» ብላ ጻፈች። እናቴ ግን እያንዳንዱን ቃል ትሰማ ነበር። አባቴ ታላቅ ወንድማቸውን፣ ከሞተ 60 ዓመት ያለፈውን፣ እንሰቱን ቆፍረህ ጨረስህ ወይ እያሉ ይጠይቁት ነበር።

ቤተሰቡ ተጨነቀ። አክስቴ ጸበል ይወሰዱ አለች። ጎረቤታችን ማደንዘዣው ነው፣ አናታቸው ላይ ወጣ አሉ። አንድ ዘመድ ደግሞ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «አማኑኤል ብታሳዩዋቸውስ?» አለኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱን የአእምሮ ሕሙማን ብቻውን ተሸክሟል። ስሙን እስከ ዛሬ በሹክሹክታ መጥራታችን ያሳዝነኛል። ዳሩ ግን አባቴ የያዛቸው ነገር የዚያ ዓይነት ሕመም አልነበረም።

ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል፤ እኔ ድንገተኛ የአእምሮ መዋዠቅ ልበለው። ከኦፕራሲዮን፣ ከከባድ ኢንፌክሽን ወይም ከመድኃኒት በኋላ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ እየመጣም ይሄዳል። ጠዋት ደኅና የነበረ ሰው ማታ ልጁን አያውቅም፣ በማግስቱ ደግሞ ያውቃታል። ዋናው ምልክቱ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማቆየት አለመቻል ነው። የመርሳት በሽታ ግን በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገባ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ይሁኑ እንጂ የተጎራበቱ ናቸው፤ ጉርብትናቸው የዚህ ንግግር ዋና ነገር ነውና ያዙልኝ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እንደ አባቴ የሚለፈልፈውና ከአልጋ ልውረድ የሚለው ሕመምተኛ ቶሎ ይታያል። በጣም የሚያሳስበኝ ዝም የሚለው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይውላል፣ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ ይረሳዋል፣ ሲጠሩት ዘግይቶ አቤት ይላል። ቤተሰቡም «ደክሞት ነው፣ ይረፍ ተዉት» ይላል። ያም ዴሊሪየም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፈውም እሱ ነው።

ይህ ጉዳይ የሕክምናውን ዓለም ትኩረት የሳበው በቤተሰብ አቤቱታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቤድፎርድ የተባለ የኦክስፎርድ ሐኪም ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ማደንዘዣና ስለ ሽማግሌዎች አንጎል ጽሑፍ አወጣ። መነሻው ልጆችና ሚስቶች ደጋግመው የሚነግሩት ነገር ነበር፤ ሰውዬው ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም የሚል። በዚያ ዘመን የአንጎልን ውስጥ በጥራት የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። ዋናው መለኪያ የቤተሰቡ ዓይን ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከ40 ዓመት በላይ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በዚያው መጽሔት የብዙ አገሮች ሐኪሞች በጋራ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ፣ ከልብ በቀር ሌላ ከባድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 1,218 ሰዎች የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ተፈተነ። ከሳምንት በኋላ 25.8 በመቶው ቀንሶባቸው ተገኘ። ከሦስት ወር በኋላም 9.9 በመቶው አልተመለሰላቸውም። ኦፕራሲዮን ያልተደረጉ እኩዮቻቸው ሲፈተኑ ቁጥሩ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እንግዲህ ከአራት ሰው አንዱ ለጊዜው፣ ከዐሥር አንዱ ደግሞ ለወራት ማለት ነው። በቦስተን ከተማ 70 ዓመት የሞላቸውን 560 ሰዎች እስከ 6 ዓመት የተከታተለ ሌላ ጥናት አለ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዴሊሪየም የያዛቸው ሰዎች፣ ካልያዛቸው ይልቅ የአእምሮ ችሎታቸው በ40 በመቶ ፈጥኖ ሲወርድ አሳይቷል። ዴሊሪየሙ ራሱ አንጎልን ይጎዳል ወይስ ቀድሞ የተጎዳውን አንጎል ያጋልጣል የሚለው ክርክር አላበቃም። በእኔ ግምት ሁለቱም አለበት።

አሁን ወደ ጎረቤታችን አባባል ልመለስ፤ ማደንዘዣው ነው ወዳሉት። ይህን በየቀኑ እሰማለሁ። «ዶክተር፣ እባክህ ወገባቸውን ብቻ አደንዝዝልኝ፣ እንዳታስተኛቸው፤ ይጃጁብኛል» የሚለኝ ልጅ ብዙ ነው። ጭንቀቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት የዳሌ ስብራት የደረሰባቸውን 1,600 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በወገብ መርፌ፣ ግማሹን ሙሉ በሙሉ በማስተኛት አሠርቷል። ዴሊሪየም ከመጀመሪያዎቹ 20.5 በመቶውን፣ ከተኙት 19.7 በመቶውን ያዘ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ስለዚህ ከመርፌው ዓይነት ይልቅ ሌላው ነገር ይከብዳል፤ ስብራቱ የሚያስነሣው የሰውነት ቁጣ፣ ሕመሙ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ፣ የውኃ ጥሙ፣ የማያውቁት ክፍል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚያርፍበት አንጎል ከመነሻው ምን ያህል ተርፎት ነበር የሚለው።

ይህን «ተርፎት ነበር» የሚለውን በመርካቶ ላስረዳ። ከምዕራብ ሆቴል ወደ ሸማ ተራ የሚወስዱትን ቀጫጭን መተላለፊያዎች አስቡ። በአዘቦት ቀን አንዱ በጭነት ቢዘጋ ተሸካሚው በሌላው ዞሮ ይደርሳል፤ ደንበኛው መዘግየቱንም አያውቅም። የመስቀል ሰሞን ሲሆንስ? ገዢው፣ ሻጩ፣ ተሸካሚው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመጣ፣ ተለዋጭ መንገድ የሌለው ተራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መንገዱ ያን ቀን አልጠበበም፤ ዓመቱን ሙሉ ጠባብ ነበር፣ ያሳየው ዋዜማው ነው። ኦፕራሲዮን ለአንጎል እንዲህ ያለ ዋዜማ ነው። በአንጎላችን ውስጥ ሐሳብ የሚሠራባቸው ግራጫ ክፍሎች ተራዎቹ ናቸው፤ እነሱን የሚያገናኙት ነጭ የነርቭ ክሮች ደግሞ መተላለፊያዎቹ። ደም ግፊት፣ ስኳርና ዕድሜ እነዚህን መተላለፊያዎች አንድ በአንድ ያጠብባሉ። ሰውየው ግን ዞሮ ይደርሳልና፣ ልጆቹም እሱም አያውቁም።

ኤምአርአይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ትልቅ ማግኔት ነው። በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ለማግኔቱና ለሬዲዮ ሞገዱ የሚሰጠውን ምላሽ ሰብስቦ ሥዕል ያደርገዋል። የአንጎልን መሟሸሽ፣ ሕመምተኛው ሳያውቀው ያለፈ ትንሽ ስትሮክ፣ በነጩ ክፍል ላይ የተበተነ ነጭ ነጠብጣብ ያሳያል። ከዚህ የረቀቀ ሌላ አነሣሥም አለው፤ ውኃ በነርቭ ክሮች ውስጥ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። በክረምት የቦይ ውኃን አይታችኋል፤ የቦዩ ግድግዳ ጤነኛ ሲሆን ውኃው መስመሩን ይዞ ይሮጣል፣ ሲሸረሸር ወደ ጎን ይፈስሳል። በነርቭ ክርም እንዲሁ ነው። ውኃው ወደ ጎን ሲበተን፣ ክሩ ገና በተራ ሥዕል ሳይታይ መድከሙ ይታወቃል።

ያ የቦስተኑ ጥናት ከተከታተላቸው ሰዎች የተወሰኑትን ከኦፕራሲዮኑ በፊት በኤምአርአይ አንሥቷቸው ነበር፤ የመርሳት በሽታ የሌለባቸው ናቸው። ውጤቱ እኔን ራሴን አስገርሞኛል። የአንጎል መሟሸሽና ነጭ ነጠብጣብ፣ ዴሊሪየም የያዛቸውን ካልያዛቸው ለይቶ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2016 በ136 ሰዎች ላይ የታተመው የረቀቀው ልኬት ግን ለየ። የክሮቹ ጥራት ቀድሞ የደከመባቸው ሰዎች በዴሊሪየም ይበልጥ ተይዘዋል፤ ሲይዛቸውም ከብዷል። በልብ ቀዶ ጥገና ላይ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ነጠብጣቡም አደጋን እንደሚጠቁም ጽፈዋል፤ ውጤቱ ገና አንድ መልክ አልያዘም። በበርሊንና በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ያሉ ሐኪሞችም 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች የአንጎል ምስልና ደም ሰብስበው፣ ሁለቱን አጣምሮ የሚተነብይ ዘዴ ለመሥራት ለዓመታት ለፍተዋል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ የተነሣ ምስል የነገረን ደግሞ አለ፤ ይህን ሳነብ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የዘጠኝ አገሮች ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65 የሞላና ከልብ ውጭ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 1,114 ሰዎች በቀናት ውስጥ ኤምአርአይ ተነሡ። ከእነሱ 78ቱ አዲስ ስትሮክ ተገኘባቸው፤ እጅ ያላሰነፈ፣ አፍ ያላጣመመ፣ እነሱም ሐኪሞቻቸውም ያላወቁት ስትሮክ። ከዓመት በኋላ ሲፈተኑ፣ ድብቅ ስትሮክ ከነበረባቸው 42 በመቶው፣ ካልነበረባቸው 29 በመቶው የአእምሮ ችሎታቸው ቀንሶ ነበር። «ከዚያ ኦፕራሲዮን ወዲህ እማማ ተለወጡ» ሲባል፣ እርጅና ነው ብለን የምናልፈው ስንቱ ይህ ይሆን?

እንግዲህ ጥያቄው ይመጣል፤ አውቀዋለሁ። አባቴ በሚቀጥለው ወር ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው፣ ኤምአርአይ ላስነሣቸው? ገንዘቡን ከዕቁብ አውጥቼ ልክፈል?

ለትንበያ ብቻ ከሆነ፣ አይክፈሉ እላለሁ። እስከ ዛሬ ከኦፕራሲዮን በፊት ሽማግሌ ሁሉ ኤምአርአይ ይነሣ የሚል የማደንዘዣ ሕክምና መመሪያ የለም። በየምርመራ ማእከሉ የምትነሡት የተለመደው ሥዕል ያንን የክሮች ልኬት አስልቶ የሚሰጥ አይደለም። ስሌቱ ቢኖርም፣ በመቶ ሰው አማካይ የሚታይ ልዩነት በአንድ አባት ላይ ይደርሳል ወይም አይደርስም ብሎ አይፈርድም። ሌላም የሚከነክነኝ አለ። ማሽን ጤነኛውን አንጎል ከታመመው የሚለየው ባያቸው አንጎሎች ነው፤ አብዛኞቹም ረጅም ትምህርት የተማሩ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ናቸው። ፊደል ሳይቆጥር 300 ደንበኛ ከነዕዳው በቃሉ የያዘ የሸማ ተራ ሽማግሌ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። የእሱ አንጎል በምን ይመዘናል? ይህን ጥያቄ መመለስ ያለብን እኛው ነን፤ በጥቁር አንበሳ፣ በጳውሎስ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ የራሳችንን ሰዎች በራሳችን መሣሪያ አንሥተን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የፈቀደችው በጎማ እየተገፋ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ የሚመጣ፣ ማግኔቱ 0.064 ቴስላ ብቻ የሆነ ኤምአርአይ አለ። ሥዕሉ ከትልቁ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን እንደ እኛ ላለ አገር ተስፋ የምጥለው እሱ ላይ ነው።

አይክፈሉ ያልኩት ለትንበያ ነው። ሽማግሌው በቅርብ ወድቆ ጭንቅላቱን መትቶ ከነበረ፣ አንድ ወገኑ ከሰነፈ፣ አዲስ ራስ ምታት ካለ፣ ንግግሩ ከተያዘ፣ ያ ሌላ ነው፤ በአንጎል ልባስ ሥር ደም ቋጥሮ ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ሲቲ ስካን ሲያዝ አንድ ቀን አታሳድሩ።

ወደ ቤድፎርድና ወደ ቤተሰብ ዓይን እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አባቴ ወደ ኦፕራሲዮን ከመግባታቸው በፊት ሐኪሙ ምን ሕመም አለባቸው ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ደም ግፊት አልኩ፤ የመድኃኒቱን ስም በኩራት ነገርኩት። ያልነገርኩት ምንድን ነው? ባለፈው ዓመት አባቴ አንዱን ዕዳ ሁለቴ መጠየቅ ጀምረው ነበር። ለ30 ዓመት የሚያውቁት ደንበኛ ስም ጠፍቶባቸው «አንተ ልጅ» እያሉ ያልፉ ነበር። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ቅርብ ያለውን ያለ መነጽር ማየት አይችሉም፤ መነጽሩንም ለጥንቃቄ ብዬ ቤት ወስጄው ነበር። ከወር በኋላ የተነሡት ሲቲ ስካን ያረጁ ትናንሽ ስትሮኮችን አሳየ። ምስሉ ያሳየኝን እኔ ሱቁ ውስጥ ዓመት ሙሉ እያየሁት ነበር። የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኔም ለሐኪም የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ከኦፕራሲዮን በፊት አእምሮን በአምስት ደቂቃ የሚፈትኑ ቀላል መንገዶች አሉ፤ ሦስት ቃል ነግሮ ቆይቶ መጠየቅ፣ ሰዓት ማሣል፣ ወራትን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማስቆጠር። እነዚህ ግን በሌላ አገር የተሰፉ ልብሶች ናቸው፤ ለእኛ ልክ መቆረጥ አለባቸው። ሰዓት ሥለህ 11 ሰዓት ከ10 አሳየኝ ቢባል፣ እርሳስ ይዞ የማያውቅ እጅ ክብ መሥራት ያቅተዋል፤ አንዱ ሽማግሌ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ነው፣ ሌላው በፈረንጅ ሞልቶ ስድስት እየቀነሰ የሚያነብ። ዛሬ ስንት ነው ሲባሉ «ሚካኤል ነው» ያሉ እናትስ? ቀኑ 12 ከሆነ ልክ ናቸው! ወጣቱ ሐኪም ቀኑን አያውቁም ብሎ ከጻፈ የተሳሳተው እሱ ነው። በአንዋር መስጊድ በኩል ያሉ አባት ደግሞ ጊዜን በጁምዓና በረመዳን ይቆጥራሉ። እኔ የመርካቶ ሰው ሲገጥመኝ «የመርካቶን ተራዎች በአንድ ደቂቃ ይጥሩልኝ» እላለሁ። ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ በርበሬ ተራ እያለ የሚወርድ ሰው አለ፤ ሦስት ጠርቶ መልሶ ከመጀመሪያው የሚነሣም አለ። በጥናት የተመሰከረለት መለኪያ አይደለም፤ ከሁለተኛው ሰው ቤተሰብ ጋር ግን ቁጭ ብዬ እንድነጋገር ያደርገኛል።

ማወቁ ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ብዙ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሻሮን ኢኖዬ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር 70 ዓመት የሞላቸውን 852 የሆስፒታል ሕመምተኞች የሚመለከት ጥናት አወጡ። ለአንደኛው ወገን ልዩ እንክብካቤ ተደረገ፤ መነጽርና የጆሮ መስሚያ እንዲያደርጉ፣ ውኃ እንዲጠጡ፣ ቶሎ ተነሥተው እንዲራመዱ፣ ሌሊት ያለ መድኃኒት እንዲተኙ፣ የት እንዳሉ በየጊዜው እንዲነገራቸው። ዴሊሪየም ከ15 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ወረደ። ይህን ለማድረግ በጎ ፈቃደኞችን መልምለው ማሠልጠን ነበረባቸው። እኛ ግን አስታማሚ አለን። ሆስፒታሎቻችን አስታማሚን እንደ መጨናነቅ ሲቆጥሩት አያለሁ፤ እኔ እንደ መድኃኒት ነው የምቆጥረው። የሚያውቁት ፊት፣ የሚያውቁት ቋንቋ፣ የሚያውቁት የእጅ ጉርሻ ነው። ግን አስታማሚው ተራ ይግባ፣ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ አይክበባቸው፤ ሌሊት ስልክ አይጩኽ፣ መብራት ይጥፋ።

ለሐኪሙ ሊነገር የሚከብድም አለ፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ መነገር አለበት። ጫት የሚቅሙ፣ በየማታው አረቄ የሚቀምሱ ከሆነ አትሸፍኑላቸው። መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ብርቱ መቃዠትና መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ካልታወቀም ይገድላል። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ከፋርማሲ ዲያዜፓም የሚገዙ ከሆነ ይነገር፤ በሽማግሌ ላይ አእምሮን ከሚያውኩ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ለብዙ ጊዜ የወሰዱት ከሆነ ደግሞ በድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው። ከኦፕራሲዮን በፊት ስላለው ጦምም ጠይቁ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ አይቅመሱ የሚለው የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ ብዙ መመሪያዎች ውኃን ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳሉ። በገዛ እጃችሁ አትስጡ፣ ግን ጠይቁ።

አባቴ በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ልጆቻቸውን አወቁ፣ ሱቅም ገቡ። በጭንቅላታቸው የነበረው ደብተር ግን ገጾቹ ጎድለው ነበር። በመስቀል ማግስት የደሴው ነጋዴ መጣና፣ እኛ የማናውቀውን፣ አባቴም የረሱትን ዕዳ ቆጥሮ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። አባቴ ብሩን ይዘው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

ከስድስት ዓመት በኋላ ለፕሮስቴት ሁለተኛ ኦፕራሲዮን አስፈለጋቸው። በዚህ ጊዜ ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ በቀኝ ጆሯቸው ተናገሯቸው፣ መነጽራቸው ከራስጌያቸው አይራቅ፣ ሲጨነቁ ጉራጊኛ ይናገራሉና ትርጉም የለውም አትበሉ፣ ስምና ዕዳ መርሳት ከጀመሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ወራትን ወደ ኋላ መቁጠር ይችላሉ። ወረቀቱን ካርዳቸው ላይ አያያዝኩት። ሁለተኛው ሌሊት ትንሽ ዋዠቁ፤ እናቴ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ አደረች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ ወረቀቱን አንብባ መጣችና መነጽራቸውን አድርጋላቸው፣ «አባባ፣ ወራቱን ከመጨረሻው ይቁጠሩልኝ» አለቻቸው። ሰባት ወር ቢጠሩላት ይበቃት ነበር። ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያሉ ወረዱ፤ የካቲት ላይ ትንሽ ቆሙ፣ ጥር አሉ፤ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት፣ መስከረም። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩና፦

«ዛሬ ሱቁን ማን ከፈተው?» አሉኝ።